በሌላ ሰው በኩል

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ የአንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ፤ የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ እንግዳወርቅ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ወይዘሮ አሰለፈች በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፍታ በስንጥቁ ታያቸዋለች።

እንግዳወርቅ፦ እኔ ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም ነው ያልኩት እንጂ በሩን አትክፈቺልኝ አላልኩም፣ አሰለፈች።

አሰለፈች፦ ካልተቀመጡ መከፈቱ ምን ያደርግልዎታል? ቆመው የሚናገሩትን በዚህችም ስንጥቅ እሰማዋለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።

እንግዳወርቅ፦ ሽማግሌን በሰንሰለት መቀበል ዛሬ አየሁ።

አሰለፈች፦ እኔም ሽማግሌ ለብቻው ሲላክ ዛሬ አየሁ። ሌሎቹ የት ቀሩ?

እንግዳወርቅ፦ አቶ ልሳኑ ጉልበቱን አሞታል። አባም “ፍርድ ቤት በገባ ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም” አሉ።

አሰለፈች፦ አባ ብልህ ናቸው። የአቶ ልሳኑ ጉልበትም ብልህ ነው።

እንግዳወርቅ፦ ፍርድ ቤት፣ ፍርድ ቤት ትሉኛላችሁ። አንድ ወረቀት ነው። ወረቀት ባልና ሚስትን ይለያል?

አሰለፈች፦ ባልና ሚስትን የለየው ቡጢ ነው። ወረቀቱ የመጣው ኋላ ነው። ደግሞም ወረቀት አይደለም፣ የጥበቃ ትእዛዝ ነው። አምስት ዓመት ይሠራል። አንተነህ ከልጄም ከልጇም አጠገብ እንዳይደርስ፣ እንዳይደውል፣ እንዳይጽፍ፣ እንዳይከተል፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው በኩል እንዳያገኛት ይላል። እንግሊዝኛውን ባላነበውም በቃሌ ይዤዋለሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እሱን ነው የምደግመው።

እንግዳወርቅ፦ ጥሩ። እኔ አንተነህ ነኝ?

አሰለፈች፦ አይደሉም። ሌላ ሰው ነዎት።

እንግዳወርቅ፦ እኔ? ሌላ ሰው? ልጅሽን የዳርኳት እኔ ነኝ! አባቷ የለም ተብሎ አዳራሹ ውስጥ ክንዷን ይዤ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ሌላ ሰው ሆንኩ?

አሰለፈች፦ እኔ አላልኩም፣ ዳኛዋ ናት። ስለማታውቅዎት ነው። ብታውቅዎት ኖሮ ሌላ ሰው ከምትል ስምዎን ታስገባ ነበር።

እንግዳወርቅ፦ እሺ ተሳደቢ፤ ለዚህም ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁ። አባቶቻችን ሲተርቱ እኮ…

አሰለፈች፦ ተረቱን ይተዉት ጋሽ። ልጄ ዓይኗ አብጦ በመጣች ጊዜም ተረት ነው የነገሯት። ለእብጠቱ በረዶ ነበር የሚሻላት።

እንግዳወርቅ፦ እሺ፣ በአጭሩ። ልጁ ተጸጽቷል። ልጅሽን ቤዛዊትን ይቅርታ ሊጠይቅ ይፈልጋል፣ ያውም እንደ ደንባችን። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ እግሯ ላይ ወድቆ፣ ማሩኝ ሊል።

አሰለፈች፦ ድንጋይ።

እንግዳወርቅ፦ ድንጋይ።

አሰለፈች፦ በዚህ አገር ድንጋይ ከየት አገኘ?

እንግዳወርቅ፦ ለአትክልት ማስጌጫ ከሚሸጡበት ገዛው።

አሰለፈች፦ የይቅርታ ድንጋይም በሱቅ ይገኛል በሉኛ። ደረሰኙን ይዟል? ካልታረቀችው ይመልሰው ይሆናል።

እንግዳወርቅ፦ ቀልጂ አንቺ።

አሰለፈች፦ አልቀለድኩም። እንዳይቀርባት የተከለከለ ሰው፣ ያን የሚያህል ድንጋይ አንገቱ ላይ ይዞ ወደ ልጄ ሲመጣ አንድ ፖሊስ ቢያየው ምን የሚል ይመስልዎታል? “አቤት የሰው ባህል ደስ ሲል” ይላል?

እንግዳወርቅ፦ እናስረዳዋለን።

አሰለፈች፦ እናስረዳዋለን? በየትኛው እንግሊዝኛ? የሳል መድኃኒት ሊገዙ ገብተው የእግር ቅባት ይዘው የወጡ ሰው ነዎት እኮ።

እንግዳወርቅ፦ ለእግሬም ጠቅሞኛል። አሰለፈች፣ አንቺ ድሮም ክፉ ክፉው ነው የሚታይሽ። የሠርጉ ቀን ሁሉም ሲጨፍር አንቺ ጥግ ይዘሽ ታለቅሺያለሽ። ምን ሆንሽ ስንልሽ፣ ሊሙዚኑ ሊጋጭ ነው አልሽን። ተጋጨ?

አሰለፈች፦ ሊሙዚኑ ደህና ገባ። እሷ ናት የተጋጨችው።

እንግዳወርቅ፦ …አንዴ ነው እጁን ያነሳባት።

አሰለፈች፦ አዎ፣ አንዴ ያነሳውን ሳያወርድ ነው የከረመው።

እንግዳወርቅ፦ አሁን እኮ መምታቱንም ትቷል። ከተለያዩ ጀምሮ ነክቷት ያውቃል?

አሰለፈች፦ ሊነካት አልቻለም፤ ግን ከዓይኑ አያጠፋትም። ሥራ ስትገባ ከማዶ ቆሞ ነው፣ ገበያ ስትገባ ከመደርደሪያው ኋላ ነው። ስልኳን ብትቀይር በሳምንቱ ይደውላል። የሕፃኗን ጃኬት ገበር ተርትሮ መከታተያ አስገብቶ መልሶ እንደሰፋው አልሰሙም? እንደ እኔ ያለች ሴት ቁልፍ ለመትከል መነጽር ትፈልጋለች፤ እሱ ስፌቱ አይታወቅም።

እንግዳወርቅ፦ ስለሚወዳት ነው እኮ።

አሰለፈች፦ ዶሮም የምናርዳት ስለምንወዳት ነው።

እንግዳወርቅ፦ አቤት ምላስሽ።

አሰለፈች፦ ፍርድ ቤቱ ፊት ሲቀርብም የሠርጉን ከረባት አስሮ ነው የመጣው። ዳኛዋ ስለ መከታተያው ስትጠይቀው፣ ለልጄ ደኅንነት ብዬ ነው አለ። ልጅህን ከማን ነው የምትጠብቃት አለችው። አስተርጓሚው ያንን ሲያደርስለት ከረባቱን ፈታ አደረገ። እኔ ያን ዕለት ነው አሜሪካ መምጣቴ ትርጉም እንዳለው የገባኝ።

እንግዳወርቅ፦ እንግዲያው አንድ መላ ልንገርሽ። እሱ እንዳይጠራት ነው የተከለከለ። እሷ ትጥራው። በራሷ ፈቃድ “ና” ካለችው ማን ከሳሽ ይሆናል?

አሰለፈች፦ እሱንም ዳኛዋ አስባበታለች። ልጄ ልቧ ራርቶ ብትጠራው፣ መኪና ልካ ብታስመጣው፣ ወጥ ሠርታ ብትጠብቀው፣ ከመጣ የሚታሰረው እሱ ነው። ትእዛዙን ማንሳት የምትችለው ዳኛዋ ብቻ ናት። አስተርጓሚውን ሁለቴ አስደግሜዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መጥቶ ይህንኑ መላ እንደሚነግረኝ አውቅ ነበር።

እንግዳወርቅ፦ እንዴት ያለ አገር ነው? ሰው በገዛ ትዳሩ ላይ ቃል የለውም?

አሰለፈች፦ ቃል አላት። ያኔ የሰጠችው ቃል ነው ትእዛዝ የሆነው። ዳኞቹ እንደ እርስዎ ያለ ሽማግሌ እዚህም አጋጥሟቸው ይሆናል።

እንግዳወርቅ፦ እሺ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። እኔ መሃል ሆኜ፣ አንቺም አጠገቧ ሆነሽ…

አሰለፈች፦ ቆይ ጋሽ። በምን መጡ?

እንግዳወርቅ፦ በመኪና ነዋ። በእግር ይመጣል?

አሰለፈች፦ እርስዎ ፍሪዌይ አይወጡም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄዱት። እዚህ ቤት ደግሞ ያለ ፍሪዌይ አይመጣም።

እንግዳወርቅ፦ ሰው አደረሰኝ።

አሰለፈች፦ ሌላ ሰው?

እንግዳወርቅ፦ የማምነው ሰው ነው።

አሰለፈች፦ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ይመልሱልኝ። የወንድሜ መርዶ ጊዜ ዕድሩ ወንበርና ድስት ይዞ ሲመጣ ይህን ቤት ለማንም እንዳትናገሩ ብዬ ለምኛችኋለሁ። እርስዎ ከሁሉም ቀድመው ነው የማሉት።

እንግዳወርቅ፦ ምያለሁ። መሐላዬንም አልበላሁም። አድራሻሽ ከአፌ አልወጣም።

አሰለፈች፦ ታዲያ ያደረሰዎት ሰው በራእይ ነው የመጣው?

እንግዳወርቅ፦ ግራ ታጠፍ፣ ቀኝ ታጠፍ ነው ያልኩት።

አሰለፈች፦ ለማን?

እንግዳወርቅ፦ አሰለፈች፣ ረጋ በይ…

አሰለፈች፦ ለማን ነው ግራ ታጠፍ ያሉት?

እንግዳወርቅ፦ ከመኪናው አይወርድም። በስልክ እስክጠራህ ንቅንቅ እንዳትል ብዬዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ “እሺ አባቴ” ብሎኛል። ድንጋዩንም ጭኑ ላይ አቅፎ ነው የተውኩት።

አሰለፈች፦ አምላኬ። ፖስታችንን በሌላ አድራሻ አድርገን፣ ሕፃኗን ሌላ መዋያ አስገብተን፣ ስማችንን ከበሩ ደወል ላይ ፍቀን፣ ጎረቤት እንኳ ከየት መጣችሁ ሲለን ዋሽተን የደበቅነውን ቤት፣ እርስዎ በግራና በቀኝ ጨረሱት።

እንግዳወርቅ፦ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው? ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሁለቱም እጁ ተይዟል።

አሰለፈች፦ ቤዛዊት አሁን ከሥራ ልትገባ ነው።

እንግዳወርቅ፦ እሑድም ትሠራለች?

አሰለፈች፦ የምትጦራቸው አሮጊቶች እሑድ እሑድም ይበላሉ ጋሽ። አውቶቡሱ ከሕንፃው ጀርባ ነው የሚያወርዳት። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ መስኮት አለ። ሄደው መኪና ማቆሚያውን ይዩልኝ።

እንግዳወርቅ፦ መኪናው ውስጥ ነው አልኩሽ እኮ።

አሰለፈች፦ ይዩልኝ ነው ያልኩት። ሕፃኗ ውስጥ ተኝታለች፤ እኔ ይህን ሰንሰለት ፈትቼ አልወጣም። ዛሬ የርስዎ ዓይን ነው ያለኝ።

እንግዳወርቅ፦ እሺ፣ ሄድኩ። አይዞሽ… ይኸው፣ መኪናው ባለበት ቆሟል። አየሽ?

አሰለፈች፦ መኪናውን አልጠየቅኩም።

እንግዳወርቅ፦ በሩ ክፍት ነው።

አሰለፈች፦ ሰውየውስ?

እንግዳወርቅ፦ ቆይ… ድንጋዩ መሬት ላይ ነው።

አሰለፈች፦ ሰውየውስ ጋሽ?

እንግዳወርቅ፦ ድንጋዩ አለ። እሱ የለም።

አሰለፈች፦ እያየሁ ነበር እኮ ይህን። ሌሊት ሌሊት የማየው ይህንኑ ነው። ስልኬ የት ሄደች… እየጻፍኩላት ነው። “ከአውቶቡሱ እንዳትወርጂ።” እርስዎ ዓይንዎን አይንቀሉ።

እንግዳወርቅ፦ ምናልባት ሽንት ቤት ፈልጎ ይሆናል።

አሰለፈች፦ አዎ፣ ይሆናል። ድንጋይ መሸከም ፊኛ ላይ ይጫናል። የት በኩል እንዳለ ይፈልጉልኝ።

እንግዳወርቅ፦ አገኘሁት። አጥሩን ይዞ ወደ ኋላ እየዞረ ነው፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው። ጎንበስ እያለ ነው የሚሄደው… ትልቁ ዛፍ ጋ ቆመ። ከግንዱ ኋላ።

አሰለፈች፦ ሽንት ቤቱ እዚያ ነው?

እንግዳወርቅ፦ አውቶቡሱ በዚያ በኩል መሆኑን አልነገርኩትም እኮ። እኔ ራሴ መቼ አውቄው።

አሰለፈች፦ እሱን ማንም አይነግረውም። እንዲህ ያለውን ለራሱ ይደርስበታል፤ መጀመሪያ ሰፈሩን የሚያሳየው ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

እንግዳወርቅ፦ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከዛፍ ኋላ ምን ያደርጋል?

አሰለፈች፦ አሁን ገና የሽማግሌ ቃል ተናገሩ።

እንግዳወርቅ፦ ልደውልለት። እኔን ይሰማል። ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው… ይጠራል። ስልኩን አወጣ፣ አየው… 

አሰለፈች፦ እ?

እንግዳወርቅ፦ ዘጋብኝ።

አሰለፈች፦ መስመሩ ይሆናል።

እንግዳወርቅ፦ አይደለም። ስሜን አይቶ ነው የዘጋብኝ። ስልኩን ኪሱ ከተተና መልሶ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረ። እኔን ዘጋብኝ፣ አሰለፈች።

አሰለፈች፦ ልጄ መለሰች። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጫለሁ፣ አልወርድም ትላለች። መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እሄዳለሁ ትላለች። ተመስገን። መጨረሻው ፌርማታ ደግሞ ማን አለ? ምን ዓይነት ሰፈር ነው?

እንግዳወርቅ፦ እኔ ልውረድና ክንዱን ይዤ ልመልሰው።

አሰለፈች፦ የትም አይሄዱም። ከዚያ መስኮት ከተነሱ ማን ያይልኛል? ፖሊስ እጠራለሁ።

እንግዳወርቅ፦ አሰለፈች፣ አስቢበት። የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀለትም። ከታሰረ ሊያባርሩት ነው። ደግሞ ጥቁር ነው፣ ቋንቋ የለውም፣ ደንግጦ ቢሮጥ ይተኩሱበታል።

አሰለፈች፦ እኔ ያላሰብኩበት መሰለዎት? ሌላ ሥራ አለኝ እንዴ? ስልኩን ባነሳ ይሞታል፣ ባላነሳ ትሞታለች፤ ዓመት ሙሉ የዋልኩት እዚህ ላይ ነው። እናቱ አገር ቤት ሆና እኔን ስትረግመኝ ይሰማኛል። ሕፃኗም አድጋ አባቴን ማን አሳሰረው ስትለኝ መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። ያልፈራሁት ነገር የለም። ግን ፍርሃቶቼን ተራ አስይዣቸዋለሁ። የልጄ ከፊት ነው።

እንግዳወርቅ፦ እንግዲያው አንቺ አትደውዪ።

አሰለፈች፦ ጋሽ፣ ከእንግዲህ ወዲያ…

እንግዳወርቅ፦ አንቺ ብትደውዪ እናቷ ናት፣ ጠልታው ነው ይላሉ። እኔ ልደውል። የሱ ሰው ነኝ። ቁጥሩ ያው ዘጠኝ አንድ አንድ ነው?

አሰለፈች፦ ያው ነው። የሳል መድኃኒት እንዳይጠይቁ።

እንግዳወርቅ፦ ሄሎ። አማርኛ። አማርኛ ፕሊዝ… ቆይ፣ አስተርጓሚ ላገናኝህ መሰለኝ ያለችኝ። አሁንም ከዛፉ ኋላ ነው፣ አየዋለሁ… እንደምን ዋልሽ ልጄ። አዎ። አንድ ሴት አለች፣ የጥበቃ ትእዛዝ ያላት። እንዳይቀርባት የታዘዘው ሰው ከቤቷ ጀርባ ዛፍ ተከልሎ ከአውቶቡስ እስክትወርድ እየጠበቃት ነው። አሰለፈች፣ አድራሻሽን ንገሪያት፣ እኔ የማውቀው ግራና ቀኙን ነው። ጮክ በይ።

አሰለፈች፦ ስልኩን ወደ በሩ ያስጠጉልኝ… ልጄ፣ ሕንፃው ባለ ቀይ ጡቡ ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ቀጥሎ ያለው። ቁጥሩ ከፊት ለፊት በር ላይ አለ፤ ይኸው በእንግሊዝኛ ልንገርሽ። ቱ፣ ዋን፣ ዜሮ፣ ሜፕል ስትሪት። ደግሞ ሕፃን አለች በያቸው። ተኝታለች፣ ሳይረን አያሰሙ።

እንግዳወርቅ፦ እኔ ነኝ ልጄ፣ ወደ መስኮቱ ተመልሻለሁ። መሣሪያ? መሣሪያ አላየሁም። ይዞት የመጣው ድንጋይ ነበር፣ እሱንም አስቀምጦታል… አይ፣ ለመምታት አይደለም፣ ለይቅርታ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲበድል ድንጋይ… ተዪው ልጄ፣ እሱን አትተርጉሚው። እጁ ባዶ ነው በያቸው። ኪሱን አላውቅም። እንዳይተኩሱ ንገሪያቸው፣ አደራሽን። አዎ፣ እዚሁ ሆኜ አየዋለሁ። ቤቱን እንዴት አወቀ ነው የምትዪው? እኔ ነኝ ያመጣሁት። መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ ይህንን ተርጉሚው።

አሰለፈች፦ ይህን ማለት አልነበረብዎትም። እርስዎንም ቢወስዱዎትስ?

እንግዳወርቅ፦ ሌላ ሰው ነኝ አላልሽም? ሌላ ሰው የሚጠየቀው ይህንን ነው።

አሰለፈች፦ መጡ? ምንም አልሰማም። ሳይረን አያሰሙ ማለቴ ጥፋት ነበር፣ አሁን መምጣታቸውንም አላውቅም።

እንግዳወርቅ፦ መጡ። በሁለት መኪና። ከግራም ከቀኝም ያዙት።

አሰለፈች፦ ሮጠ? ጋሽ፣ ሮጠ ወይ?

እንግዳወርቅ፦ አልሮጠም። እጁን አነሳ።

አሰለፈች፦ በሕይወት አለ?

እንግዳወርቅ፦ አለ። ወደ ራሱ መኪና እያመጡት ነው… አሰሩት። ቁጭ በል አሉት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

አሰለፈች፦ ድንጋዩ ዛሬ ገና ጠቀመ።

እንግዳወርቅ፦ ቀና ብሎ አየኝ።

አሰለፈች፦ ምን አለዎት?

እንግዳወርቅ፦ ከዚህ አይሰማ። ግን ነገ የሚሉኝን ሁሉ ነው ያለኝ። የገዛ ወገኑን ለነጭ አሳልፎ ሰጠ ይሉኛል። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ወንበሬን ዞር ያደርጉብኛል።

አሰለፈች፦ ይላሉ እንጂ። ስለ እኔ መናገር ሰልችቷቸው ነበር፣ እርስዎ ደረሱላቸው። ለቤዛዊት አሁን ደወልኩላት፣ ፖሊስ ያለችበት ድረስ ሄዶ ያመጣታል። ይኸው፣ ሰንሰለቱን ፈታሁት። ይግቡ ጋሽ። ይቀመጡ።

እንግዳወርቅ፦ አልቀመጥም።

አሰለፈች፦ ደግሞ ምን ቀረ?

እንግዳወርቅ፦ ጉዳዬ አልተሰማም።

አሰለፈች፦ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ። ዛሬ ከአሁን በኋላ ስለ እርቅ…

እንግዳወርቅ፦ ትእዛዙን ጥሷል ተብሎ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ ልጅሽ እኔን ለምስክርነት ታስጠራኝ። እሺ ካላልሽኝ እዚህ በር ላይ ቆሜ አድራለሁ።